ስለ ኮብ ፈረስና ስለ ኮርቻው የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪ፦ ወዳጄ፣ ከእርስዎ ጋር በተገናኘን ቍጥር ጨዋታው ከየትም ተነሥቶ ወደ አንድ ኮርቻ ፍለጋ እያመራ ስለሚያርፍ፣ ዛሬ ነገሩን ሳልሸፋፍን ልጠይቅዎ። ኮብ የሚባለው የእንግሊዝ፣ የዌልስና የአየርላንድ ፈረስ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ አጭር ሆኖ፣ ጋሪ ሲጎትት፣ ገበሬውን ወደ ገበያ፣ ሐኪሙንም ወደ በሽተኛው ደጅ ሲያደርስ የኖረ የሥራ እንስሳ ነው። ድሬሳዥ ግን በነገሥታት ግቢ ውስጥ ያደገ፣ ሸንቃጣና ረዣዥም ፈረሶች በተለካ እርምጃ የሚታዩበት ጥበብ ነው። ታዲያ ለዚያ ጥበብ የተሰፋውን ኮርቻ ከዚህ ጀርባ ጋር ለማስማማት ይህን ያህል መድከም ስለ ምን ነው?

አፍቃሪ፦ ጥያቄዎ ጥበቡን ለጥቂት የፈረስ ዘሮች ርስት አድርጎ ስለ ሰጠ፣ በመጀመሪያ ርስቱን ላስመልስ። ፍራንስዋ ሮቢሾን ደ ላ ጌሪኒዬር የተባለው ፈረንሳዊ ባልደራስ፣ በቪየና የሚገኘው የስፔን የግልቢያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ድረስ የትምህርቱ መሠረት አድርጎ የሚያከብረውን መጽሐፉን በ1733 ባሳተመ ጊዜ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ)፣ የመግራት ዓላማ ፈረሱን ጸጥተኛ፣ ቀላልና ታዛዥ ማድረግ መሆኑን፣ ይህም ለአደን፣ ለጦርነትና ለአደባባይ ለሚፈለገው ፈረስ ሁሉ የሚያስፈልግ መሆኑን ገልጧል። ጸጥታና ታዛዥነት የሚያምረው በረዥም እግር ብቻ የሚሆንበትን ምክንያት ይንገሩኝ። እንዲያውም ከእርሱ ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረው የግሪክ ፈረሰኛ ክሴኖፎን፣ ፈረስ ሲገዛ ሊመረመር የሚገባውን ብልት ከሰኮናው ጀምሮ ወደ ላይ እየዘረዘረ ሲያስተምር፣ አከርካሪው በግራና በቀኝ በሥጋ ታጅቦ ድርብ የሆነውን ጀርባ ከነጠላው አብልጦ፣ ለመቀመጥ የሚመች ለዓይንም ያማረ ሲል አመስግኖታል። ይህም የኮብ ጀርባ መልክ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ምስክርዎ ለእኔ መሰከረ። በክሴኖፎን ዘመን ግሪኮች የእንጨት ዐፅም ያለው ኮርቻም ሆነ እርካብ አልነበራቸውም፤ የሚቀመጡት በባዶ ጀርባ ወይም በጨርቅ ላይ ነበር። ድርቡ ጀርባ የተመሰገነው እንግዲህ ኮርቻ በሌለበት ነው። እርስዎም ፈረስዎን በዚያው ልማድ ይቀመጡበትና ፍለጋው ይብቃ።

አፍቃሪ፦ ለእኔ የሚመቸኝ ለእርሱም ይመቸው ቢሆን ኖሮ ምክርዎን በደስታ በተቀበልሁ ነበር። በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሂላሪ ክሌይተን የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው፣ ክብደት የሚለካ ስስ ምንጣፍ በፈረሱ ጀርባና በተቀማጩ መካከል እየዘረጉ ሲመረምሩ፣ ያለ ኮርቻ የተቀመጠ ሰው ሸክሙ በመቀመጫ አጥንቶቹ ሥር በጥቂት ቦታ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ ዐፅም ያለው ኮርቻ ግን ያንኑ ሸክም በሰፊ ቦታ ላይ እንደሚያከፋፍለው አይተዋል። ኮርቻ የሰው ምቾት ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ፣ በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ ዋናው ትሩፋቱ ለተሸካሚው ነው።

ተጠራጣሪ፦ በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ የምትለዋ ቃል ነገሩን ሁሉ ተሸክማዋለች። እሺ፣ ኮርቻ ያስፈልጋል እንበል። ኮብ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ኮርቻ ይገዛለታል። ይህ የአንድ ቀን ገበያ ነው እንጂ ሐተታ የሚያስፈልገው ምሥጢር አይደለም።

አፍቃሪ፦ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው፣ ብዙ ፈረስም ጀርባው የሚታመመው በዚህ አሳብ ነውና፣ ትንሽ ታግሠው ያድምጡኝ። በእንግሊዝ አገር የኮርቻ ሥራ መናገሻ ዎልሶል የምትባለው ከተማ ናት፤ የከተማይቱ የእግር ኳስ ቡድን ሳይቀር ኮርቻ ሠሪዎቹ ተብሎ እስኪጠራ ድረስ ስሟ ከዚህ ሙያ ጋር ተሳስሯል። በዚያ የሚሠራ አንድ ኮርቻ ከቆዳው በታች ዐፅም አለው፤ እርሱም በጥንቱ ልማድ በስሱ የተላጠ የቢች እንጨት ተነባብሮ በሙጫ ተጣብቆ በብረት የሚጠነክር ነው፤ ዛሬ ከፕላስቲክ ዘር የሚሠራም አለ። በዚህ ዐፅም ፊት ለፊት፣ በፈረሱ የትከሻ ጉብታ ላይ የሚሻገር የብረት ቅስት ይገኛል። ሻጩ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ፣ እጅግ ሰፊ እያለ የሚጠራው የዚህን ቅስት እግሮች ርቀት ነው። አሁን ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው፣ ለእነዚህ ስሞች ሠሪዎች ሁሉ የተስማሙበት አንድ ልኬት ስለሌለ፣ የአንዱ ሰፊ የሌላው መካከለኛ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ ስፋት ቅርጽ አለመሆኑ ነው። ብዙዎቹ የድሬሳዥ ኮርቻዎች የተቀረጹት ጉብታው ከፍ ብሎ ጎኑ እንደ ጣሪያ ለሚንሸራተት ፈረስ ስለ ሆነ፣ ቅስታቸው ወደ ላይ ሹል ነው። ይህን ሹል ቅስት እግሮቹን ብቻ ብንከፍተው፣ ጉብታው ዝቅ ያለና አናቱ ክብ የሆነው ኮብ ከቅስቱ አናት በታች ሰፊ ባዶ ቦታ ሲተርፈው፣ የእግሮቹ ጫፍ ግን ጡንቻውን ይወጋዋል። ለኮብ የሚያስፈልገው ከአናቱ ጀምሮ ክብ ሆኖ የተቀሰተ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሹሉን ትተው ክቡን አገኙ እንበል። ያን ጊዜ ደግሞ ኮርቻውን ምን ይዞ ያቆመዋል? ከፍ ያለ ጉብታ ያለው ፈረስ ኮርቻውን በተፈጥሮው ይገታዋል። የእርስዎ ፈረስ ጀርባ ከበሮ ነው፤ ተቀማጩ በአንድ እርካብ ላይ ትንሽ ቢያዘነብል ኮርቻው ከነሰውየው ወደ ሆድ ይዞራል።

አፍቃሪ፦ የሚዞርበትን ምክንያት ከመረመርን መድኃኒቱም ይገኛል። አንድ ጠባብ ኮርቻ በሰፊ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ ጀርባውን አያቅፍም፤ በላዩ ይሰፍራል፤ ፊቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሰውየው ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሸክሙም ሁሉ ወደ ወገቡ ይሄዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ እንዳይዞርበት ጠፍሩን ያጠብቃል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ፈረሱ ይቆጣል፣ ሊጫን ሲሉ ጆሮውን ያጥፋል፣ ሊነክስም ይዞራል። ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ የሚጨምርም አለ፤ ምንጣፉ ግን ጠባቡን ይበልጥ ያጠብበዋል። ክብ ቅስትና ጠፍጣፋ ዐፅም ያለው፣ ከሥሩ ያለውም ትራስ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በሰፊው የሚያርፍ ኮርቻ ሲገኝ ግን፣ የሚይዘው መያዣ የጉብታው ከፍታ ሳይሆን የሚነካው ቦታ ብዛት ስለ ሆነ፣ ጠፍሩ በልክ ታስሮ ይቆማል።

ተጠራጣሪ፦ ጠፍጣፋ ዐፅም አሉ። የድሬሳዥ ኮርቻ ግን መቀመጫው ጥልቅ፣ ከፊትና ከኋላ ከፍ ያለ፣ መካከሉ ጎድጓዳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተቀማጩ ጭኑን ቁልቁል ዘርግቶ ወገቡን አቅንቶ እንዲቀመጥ የሚያስችለው እርሱ ነው። ከላይ ጎድጓዳ የሆነ ከሥር እንዴት ጠፍጣፋ ይሆናል?

አፍቃሪ፦ የሠሪው ጥበብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ መንገድ ዐፅሙን ራሱን ማጉበጥ ነው፤ ያ የጎበጠ ዐፅም ቀጥ ባለ የኮብ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ መካከሉ ብቻ እየነካ፣ በሶምሶማ ጊዜ ፊትና ኋላ ይወዛወዛል። ዋጋ ያለው መንገድ ዐፅሙን ቀጥ አድርጎ ትቶ ጥልቀቱን ከላይ በመቀመጫው ሙሌት ማምጣት ነው። ገዢው ይህን የሚለየው ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ በፈረሱ ላይ አስቀምጦ፣ አንዱን እጁን ከፊት ሌላውን ከኋላ አድርጎ በየተራ ሲጫን ነው። ከዚህም ጋር የጎን ክንፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መውረዱ ለኮብ ሞገስ ነው፤ የዝላይ ኮርቻ ክንፍ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ የኮብን ግዙፍ ትከሻ ይጫነዋል፣ የድሬሳዡ ግን ትከሻውን ለቅቆ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለኮብ አይገባም ያሉት ኮርቻ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይልቅ የተገባ ነው። የትከሻው አጥንት ደግሞ የፊት እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ የላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ እንደሚዞር ላስታውስዎ፤ ቆሞ ሳለ የተስማማው ኮርቻ ሲራመድ የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ትከሻውን ለቅቆ ይሰጠዋል ባሉበት አፍ፣ ከኋላስ ወዴት ይሄዳል ብዬ ብጠይቅዎ ምን ይላሉ? ፈረስ አሥራ ስምንት ጥንድ ጎድን አለው፤ ሸክም ሊያርፍ የሚገባው ከትከሻው አጥንት በስተኋላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጎድን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወገብ ጎድን አይደግፈውም። ኮብ ደግሞ ጀርባው አጭር ነው። ተቀማጩ ዳሌው ሰፋ ያለ ሰው ሆኖ አሥራ ስምንት ኢንች መቀመጫ ቢያስፈልገው፣ ጀርባው የሚፈቅደው ግን አሥራ ሰባት ብቻ ቢሆን፣ በዚህ ክርክር ማን ይሸነፋል?

አፍቃሪ፦ ሰውየው ይሸነፋል። ትራሱን ከኋላ ወደ ላይ በማጠፍ፣ መቀመጫው ረዝሞ ፈረሱን የሚነካው ግን እንዲያጥር የሚያደርጉ ሠሪዎች አሉ፤ ያ ጥበብ ጥቂት ያተርፋል፣ ነገር ግን ወሰን አለው። ጎድኑን በጣት እየተከተሉ ወደ ላይ እስከ አከርካሪው ደርሰው ያገኙት ምልክት ሕግ ነው፤ ከዚያ አይታለፍም።

ተጠራጣሪ፦ በቃል እንዲህ ይባላል። በገበያ ላይ ግን ገንዘብ የሚከፍለው ሰውየው፣ ኮርቻውም ላይ ተቀምጦ ደስ አለኝ ወይም ጠበበኝ የሚለው ሰውየው ነው። ፈረሱ አይናገርም፤ አይገዛም፤ አይመልስም። ኮርቻ ፍለጋ የምትሉት ሁሉ በመጨረሻው ሰው ለራሱ መቀመጫ ሲፈልግ በፈረሱ ስም የሚያደርገው ምክንያት ነው ብዬ እንዳልጠረጥር የሚያደርገኝ ምንድን ነው?

አፍቃሪ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ግን የሁለቱ ጥቅም እርስዎ እንደሚሉት አልተለያየም። በማይመቸው መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ጭኑን ያጣብቃል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ሚዛኑን በልጓሙ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሚከፈለው በፈረሱ አፍና ጀርባ ነው። በሰፊ ኮብ ላይ ደግሞ የሰው ጭን ከልክ በላይ ስለሚከፈት፣ መቀመጫው ከሥር ለፈረሱ ሰፍቶ ከላይ ለጭኑ እንዲጠብ አድርጎ መሥራት ሁለቱን በአንድነት ያሳርፋል። ፈረሱ አይናገርም ላሉት ግን እቃወማለሁ። ኮርቻው ሲወርድ ላብ ባረጠበው ጀርባ መካከል ተለይቶ የደረቀ ስፍራ፣ በጉብታው ግራና ቀኝ ያለ ቦታው የበቀለ ነጭ ጠጉር፣ ከትከሻው ኋላ ጡንቻው መንምኖ የጎደጎደ ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ የፈረሱ ቃል ናቸው።

ተጠራጣሪ፦ ዘግይቶ የሚነገር ቃል። ነጩ ጠጉር የሚበቅለው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

አፍቃሪ፦ እውነት ነው። ስለዚህ ነው ሙያተኛ የሚጠራው። በእንግሊዝ አገር በ1966 የተቋቋመው የባለሙያ ኮርቻ ሠሪዎች ማኅበር፣ ኮርቻን ከፈረስ ጋር የሚያስማሙ ሰዎችን አሠልጥኖና ፈትኖ ምስክር ይሰጣቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ በረቱ መጥቶ ፈረሱን በሜዳ ላይ አቁሞ ይዳስሳል፣ በሚታጠፍ መለኪያ የጀርባውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ያነሣል፣ ኮርቻውን አስቀምጦ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በግልቢያ፣ በግራም በቀኝም ክብ እያዞረ ይመለከታል፤ ከሁሉም ይልቅ ከኋላ ቆሞ ያያል፣ ኮርቻው ወደ አንድ ወገን መሄዱ የሚታወቀው ከዚያ ነውና። ዝናው ትልቅ የሆነ ሻጭ ያለ መለኪያ በመልክ ብቻ የሚሸጠውን ኮርቻ ከመግዛት፣ አሮጌም ቢሆን እንዲህ ባለ ሰው እጅ የተስተካከለውን እመርጣለሁ።

ተጠራጣሪ፦ መለኪያው ወረቀት ላይ የሚያነሣው የትኛውን ጀርባ ነው? እዚህ ላይ አልለቅዎትም። ኮብ በኮረብታ ላይ በጥቂት ሣር ሲኖር የተፈጠረ ነው፤ በለመለመው የእንግሊዝ መስክ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ይሰባል። ቅድም በክሴኖፎን ቃል ያመሰገኑልኝ ድርብ ጀርባ፣ በአከርካሪው ላይ እንደ ቦይ የሚወርደው ስንጥቅ፣ የዛሬው የእንስሳት ሐኪም ሲያየው ከውፍረት ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይጽፈዋል። ላሚናይቲስ የሚባለው፣ ሰኮናውን ከውስጥ አቃጥሎ ፈረሱን የሚያሽመደምደው ሕማምም የእንዲህ ያለው ጥጋብ ልጅ ነው። እንግዲህ እርስዎ እጅግ ሰፊ ቅስት እያሉ የሚፈልጉት ኮርቻ የሚለካው በፈረሱ ላይ ነው ወይስ በስቡ ላይ? ሰፊ ኮርቻ መግዛት ሕማሙን ማልበስ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አፍቃሪ፦ ከነገሩኝ ሁሉ ይህ ከበደኝ፤ በቀላሉም አልመልሰውም። ክሴኖፎን ያመሰገነው ሥጋ በጥሩ ሥራ የዳበረ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻና ስብ ከሩቅ አንድ መልክ ይኖራቸዋል፣ በመዳፍ ሲዳሰሱ ግን ይለያያሉ። ጎድኑ ሳይታይ በቀላል ዳሰሳ የሚቈጠር ከሆነ ድርቡ ጀርባ የጤና ነው፤ ጎድኑን ለማግኘት ጣት መጫን የሚያስፈልግ፣ የአንገቱም አናት ደንድኖ የሚገኝ ከሆነ ግን የእርስዎ ፍርድ ጸና። እንዲህ ያለውን ፈረስ ባለቤቱ አስቀድሞ በአፉ ላይ የግጦሽ መከለያ ያድርግለት፣ ሣሩንም ይመጥንለት እንጂ ወደ ኮርቻ ሠሪ አይሩጥ። ነገር ግን ከስብ ሁሉ የጸዳው ኮብም ሰፊ መሆኑን አይዘንጉ። በትርኢት ሥርዓት ኮብ የሚባለው ቁመቱ ከ148 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ከ155 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው፤ በዚህ አጭር ቁመት ላይ ከባድ ሰው እንዲሸከም የተሰጠው አጥንትና የጎድን ቅስት በጾም አይጠብም።

ተጠራጣሪ፦ አይጠብም፤ ግን ይለወጣል። ግንቦት የተለካው ኮርቻ ለጥር ይሰፋል፣ ጥር የተለካው ለግንቦት ይጠብባል። ስለዚህ የሚስማማ ኮርቻ የሚባል ነገር የለም፤ የሚስማማ ወር ብቻ ነው ያለው።

አፍቃሪ፦ ኮርቻ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ፍርድዎ ይጸና ነበር። ትራሱ በበግ ጠጉር የተሞላ ኮርቻ ተከፍቶ ከዚህ ተቀንሶ ወደዚያ ይጨመርበታል፤ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ያህል ሙያተኛው እንዲያየው የሚመከረውም ለዚህ ነው። የፊቱ ቅስት በቁልፍ ተፈትቶ በሌላ ስፋት የሚተካላቸው ኮርቻዎችም አሉ፤ ለሚለዋወጥ ጀርባ መልካም ናቸው፣ ሆኖም ቅስቱን ሲቀይሩ የቀረው ዐፅም ስለማይለወጥ፣ ሹሉን ዐፅም ክብ ያደርጉታል ብሎ ማመን አይገባም። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ አልክድም።

ተጠራጣሪ፦ ወጪውን እንተወው፣ ያለው ይከፍላል። እኔ ግን አንድ ጥንታዊ ፍርሃት አለኝ። ይህ እንስሳ የተፈጠረው ለአንድ ነገር ሆኖ ሳለ ለሌላ ነገር ስናውለው፣ የአካሉን ነገር ሁሉ እንደ ጉድለት መቍጠር እንጀምራለን። ጉብታው ዝቅ አለ፣ ጀርባው አጠረ፣ ጠፍሩ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ወደ ፊት ተጠጋና ኮርቻውን ወደ ትከሻው ሳበው። ከእናንተ ፈላጊዎች አፍ የምሰማው ሁሉ የኮብ ክስ ነው።

አፍቃሪ፦ ክሱን ከኮብ ላይ አንሥቼ ወደ ኮርቻው ማዞሬ እኮ ነው የምደክምበት! የኮብን ጅራት ታሪክ ያስታውሱ፤ በጋሪና በልጓም ገመድ እንዳይጠላለፍ፣ እንዲሁም ያምራል ተብሎ፣ ጅራቱን ከነአጥንቱ መቍረጥ ለብዙ ዘመን ልማድ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ይህን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1949 ነው። በዚያ ዘመን ዕቃው ሳይለወጥ ፈረሱ ይቈረጥ ነበር። ዛሬ ፈረሱ ሳይነካ ዕቃው እንዲቈረጥ፣ እንዲከፈት፣ እንዲቀሰት እጠይቃለሁ። ጠፍሩ ወደ ፊት ከሳበው፣ ከቅስቱ ጫፍ ላይ የሚወርድ ተጨማሪ ማሠሪያ ይደረግለታል፣ ወይም ከክርኑ ኋላ ጎበጥ ብሎ የተቀረጸ ጠፍር ይፈለግለታል። ይህ ከኮብ ጋር መስማማት ነው እንጂ መክሰስ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው የመጨረሻውንና ከሁሉ የሚከብደኝን ላቅርብ። ኮርቻው ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ባለቤቱ ኮርቻውን ይጠረጥራል፤ ይለውጠዋል፤ እንደ ገና ይሄዳል፤ እንደ ገና ይለውጠዋል። ሊነ ግሬቨና ሱ ዳይሰን የተባሉት የእንስሳት ሐኪሞች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ የኮርቻ ወደ አንድ ወገን መንሸራተት ብዙ ጊዜ የኋላ እግር ሕማም ምልክት መሆኑን አሳይተዋል፤ ሕማሙ በማደንዘዣ ለጊዜው ሲወገድ ኮርቻው ያለ ማንም እጅ ወደ ስፍራው ይመለስ ነበር። እስቲ ያስቡት፤ ፈረሱ ስለ እግሩ እየጮኸ ሳለ ባለቤቱ ስለ ቆዳና ስለ ጠጉር ከሠሪ ጋር ሲከራከር በጋው ያልፋል። የእርስዎ ትጋት፣ በፈረሱ ፍቅር የተሞላው ትጋትዎ፣ ጆሮዎን የሚደፍነው በዚህ ቦታ ነው።

አፍቃሪ፦ ይህን ጥናት እኔም አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ካነበቡበት ወገን ግን አላነበብሁትም። ኮርቻው መንሸራተቱን ማን አየ? በፈረሱ ኋላ ቆሞ፣ ኮርቻው ከአከርካሪው ጋር ቀጥ ብሎ እንደ ሆነ የሚመለከት ሰው ነው ያየው። ብዙ ፈረሰኞች ፈረሳቸው የሚያነክስ መሆኑን ሳያውቁ ይኖራሉ፤ ከሕመሙ ረቂቅነት የተነሣ እርምጃው በዓይን አይያዝም። ስለ ኮርቻ የማይገደው ሰው የኮርቻውንም መንሸራተት አያይም፤ ጠፍሩን አጥብቆ ይሄዳል። መልካም ሙያተኛ ኮርቻውን በሚገባ አስማምቶ ሳለ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ቢያይ፣ ሌላ ኮርቻ አይሸጥም፣ ወደ ሐኪም ይሰድዳል።

ተጠራጣሪ፦ ሙያተኛው ሸጦ የሚበላ ሰው ነው። እርስዎ በእርሱ ትሩፋት ላይ ከሚደገፉ፣ ሥርዓቱን ይገልብጡት፤ ከሐኪሙ ምርመራ በፊት አንድም ኮርቻ አይታይ።

አፍቃሪ፦ በዚህ እንኳ ነገሩ እርስዎ እንዳሰቡት አይቀናም። ባዶውን ሲሮጥ ጤነኛ መስሎ፣ ሰው ሲቀመጥበት ብቻ የሚያነክስ ፈረስ አለ፤ ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ተጭኖ ሲሄድ ማየት ይፈልጋል። በምን ኮርቻ ተጭኖ? የሚወጋ ኮርቻ ቢሆን ሐኪሙ የሚያየው የኮርቻውን ሕማም ይሆናል እንጂ የእግሩን አይሆንም። ሐኪሙ የተስማማ ኮርቻ ይፈልጋል፤ ኮርቻ አስማሚው ጤነኛ ፈረስ ይፈልጋል።

ተጠራጣሪ፦ ታዲያ ከማን ይጀመራል?

አፍቃሪ፦ ሁለቱን በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ላይ አገናኛቸዋለሁ። አስማሚው ካለው ኮርቻ ሁሉ ለዚህ ጀርባ ይቀርባል የሚለውን ያምጣ፤ ሐኪሙ ባዶውንም ተጭኖም ይየው።

ተጠራጣሪ፦ ፈረሱ ኮርቻም ሆነ ሰው የማይሸከም ሆኖ ቢገኝስ? ለድሬሳዥ ብለው የደከሙበት ሁሉ ያን ቀን ያበቃል።

አፍቃሪ፦ ጥበቡ አያበቃም። በቪየና ትምህርት ቤት ፈረሱን በረዥም ልጓም ይዞ ከኋላው በእግር እየሄዱ ማሠራት ከጥንት የተወረሰ ክፍል ነው፤ ፈረሱ ከፍተኛውን ትምህርት ሁሉ ማንም በጀርባው ሳይኖር ያሳያል። ሐኪሙ ሥራ ከፈቀደለት ኮቤንም በዚያ መንገድ አሠራዋለሁ። ይህን ግን የምቀበለው ከተመረመረ በኋላ ነው፤ ያልተስማማ ኮርቻ ያሳመመውን ፈረስ ለመጫን አልተፈጠረም ብሎ መፍረድም ግፍ ነው።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ ያ ቀን ደርሶ፣ አስማሚው ሕማሙ ከኮርቻው ነው፣ ሐኪሙም ከእግሩ ነው ብለው ሳይስማሙ ቢለያዩ፣ የማንን ቃል ይቀበላሉ?

አፍቃሪ፦ ከእግሩ ነው ያለውን። እርሱ ተሳስቶ ቢገኝ የሚጠፋው የእኔ ገንዘብና የእኔ በጋ ነው፤ ሌላው ቢሳሳት ግን ስሕተቱን የሚሸከመው ፈረሱ ነው።